ኮክና አፕል ስንት ቤት ይቆጠራሉ?

ሰላም ናችሁ ወዳጆች? በዚህ ወር ከወሎ የመጡት ደብዳቤዎች በዝተዋል። ደስ ብሎኛል። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ኩታበር፣ ወረኢሉ፣ ሐይቅ የሚል ስም ገና ሳነብ ልቤ እዚያው ይሄዳል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ፍራፍሬ ዛፍ ነው፤ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ስለሚገናኙ አንድ ላይ አደረግኳቸው።

ከኩታበር የመጣ ጥያቄ

«ጋሼ እንዴት ከረሙ? ግቢያችን ውስጥ አባቴ የተከላቸው ሦስት የኮክ ዛፎች አሉ፣ አንድ ፕሪምም አለ። ምንም ሳንነካቸው በየዓመቱ ያፈራሉ። ዓምና እኔ ደግሞ ሁለት የአፕል ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። አንዱ ደረቀ፣ አንዱ ቆሟል እንጂ አበባ እንኳ የለውም። ጓደኛዬ ‹ኮክም ፕሪምም አፕልም የጽጌረዳ ዘመዶች ናቸው› አለኝ። እኔ አልተዋጠልኝም። እውነት ከሆነ ግን ከቀረው አፕል ቅርንጫፍ ቆርጬ ጠንካራው ኮክ ላይ ባዳቅለው አይሻልም?»

አብሽር ወንድሜ። ጓደኛህ ልክ ነው፤ ያሰብከው ነገር ግን አይሠራም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ላስረዳህ፣ ትንሽ ረዘም ይልብሃል።

ያልተዋጠልህ ፍሬውን እያየህ ስለሆነ ነው። ኮክ ጠጉራም ነው፣ መሐሉ ድንጋይ አለው። አፕል ለስላሳ ነው፣ ውስጡ ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎች አሉት። የግቢ ጽጌረዳ ደግሞ የምንበላው ፍሬ አናይባትም። እንዲህ ካየነው አይገናኙም። ዛፍ ግን ዘሩን የሚናገረው በአበባው ነው። ኮኩ ሲያብብ አንድ አበባ ቀጥፈህ መዳፍህ ላይ አስቀምጠው። አምስት ሮዝ የአበባ ቅጠሎች ታያለህ። ከሥራቸው እምቡጡን ሸፍነው የነበሩ አምስት ትንንሽ ቅጠሎች አሉ። መሐል ላይ ደግሞ ጫፋቸው ብናኝ የያዘ ብዙ ቀጫጭን ክሮች። ሁሉም የተሰኩት በአንዲት ትንሽዬ ስኒ ከንፈር ላይ ነው። እቺን ስኒ ልብ በላት፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ከዚያ ወደ አጥሩ ሂድና የቀጋ አበባ አምጥተህ ጎኑ አድርገው። ነጭ ይሁን እንጂ አሠራሩ ያው ነው፤ አምስት፣ አምስት፣ ብዙ ክር፣ ስኒ። ቀጋ ማለት የኛው የአገር ቤት ጽጌረዳ ነው። የከተማው ጽጌረዳ ቅጠሉ ተደራርቦ የሚያሳስተን ሰው ለዘመናት ድርብርቡን እየመረጠ ስላራባው ነው፣ ክሮቹ ወደ ቅጠልነት ተለውጠዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። የኮክን አበባ ስኒ በጥፍርህ ሰንጥቃት። ዘሩ የሚቋጠርበት ክፍል ከሥሯ ብቻውን፣ ሳይጣበቅ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ስኒዋ ደርቃ ትወድቃለች፣ ያ ክፍል ራሱ ያብጥና ኮክ ይሆናል። የውጩ ቆዳ፣ መሐሉ ሥጋ፣ የውስጡ ግድግዳ ድንጋይ። አፕል ላይ ግን ዘር መያዣው ከስኒዋ ጋር ተጣብቆ ውስጧ ተቀብሯል፤ የምታብጠውም ስኒዋ ናት። አፕል ስትገምጥ በአብዛኛው የምትበላው ያበጠችውን የአበባ ስኒ ነው። ማስረጃው እጅህ ላይ አለ፤ የአፕሉን ግርጌ ገልብጠህ እየው፣ የደረቁት አምስት ትንንሽ ቅጠሎች እስካሁን እዚያው አሉ። ወገቡ ላይ አግድም ብትቆርጠው ደግሞ ባለ አምስት ጨረር ኮከብ ታገኛለህ፣ አምስት ክፍል፣ በየክፍሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ፍሬ። እኔ ይህን ኮከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ዛሬም አፕል የምቆርጠው አግድም ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ነው፤ የጽጌረዳ ቤተሰብ ይባላል። ሰፊ ነው፣ 90 ገደማ ወገኖችና (ወገን የምለው የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበትን ነው) ከ2500 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ወንድምም አለ፣ የሩቅ አጎት ልጅም አለ። ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮትና ሱፐርማርኬት የምናየው አልመንድ ወንድማማች ናቸው፣ ሁሉም ፕሩነስ የሚባል አንድ ወገን ውስጥ ይገባሉ። አፕልና ፒር ሌላ ቤት ናቸው። እነሱ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሣ የዕፅዋትን ስም በሥርዓት ያስቀመጠው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም አንድ ወገን ውስጥ ከቷቸው ነበር፣ የተለያዩት ኋላ ነው።

በሁለቱ ቤቶች መሐል ያለው ርቀት ውስጣቸው ድረስ ይዘልቃል። ኮክ 8 ጥንድ ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የተሸከመ ጥቅል) አለው፣ አፕል 17። ሰዎች ለረጅም ጊዜ 17 ከየት መጣ እያሉ ሲከራከሩ ቆይተዋል። አንዱ ግምት ባለ 8 እና ባለ 9 ዘመዶች ተዳቅለው ነው የሚል ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የአፕል ሙሉ የዘር መረጃ ሲነበብ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላ አጋደለ። ባለ 9 የሆነ ጥንታዊ ቅድመ አያት የራሱን ክሮሞሶም በሙሉ እጥፍ አድርጎ፣ በኋላ ከ18ቱ አንዱ ጎድሎ 17 ሆነ። ይህ የሆነው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ኮክና አፕል ጎን ለጎን ግቢህ ውስጥ ቢቆሙም የተለያዩት ከዚያም ቀድመው ነው።

አሁን ቅርንጫፉን ኮኩ ላይ ወደ መቀጠሉ። እኛ አገር ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ሰባት ቤት መራቅ አለበት ይባላል። ቅርንጫፍ ከግንድ ሲቀጠል ነገሩ ይገለበጣል፤ በቀረቡ ቁጥር ይያያዛሉ፣ በራቁ ቁጥር ይገፋፋሉ። የሚያያዘው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀጭኑ አረንጓዴ ንብርብር ነው። የሁለቱ ንብርብር ገጥሞ፣ ተሳስቦ፣ ውኃና ምግብ ማስተላለፍ መጀመር አለበት። ፕሪምን ኮክ ላይ ብትቀጥል፣ በተለይ የጃፓን ፕሪም የሚባለውን፣ ደህና ይይዛል። አልመንድም ኮክ ላይ ይይዛል። አፕል ኮክ ላይ አይይዝም። ቅርብ ዘመዱ ፒር ላይ እንኳ ብትቀጥለው ደካማ ነው፣ አያስተማምንም።

እኔም በወጣትነቴ አንተ ያሰብከውን አድርጌዋለሁ። ደሴ ግቢያችን ውስጥ ባለ ኮክ ላይ ሦስት የአፕል ቅርንጫፍ ቀጥዬ በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። በሁለት ሳምንቱ አንዱ ለምለም ቅጠል አወጣ። ሰፈር ሙሉ ጠርቼ አሳየሁ። በወሩ ደረቀ። ያ ቅጠል የወጣው ቅርንጫፉ ውስጡ ባስቀመጠው ስንቅ ነበር፣ ከኮኩ አንዲት ጠብታ አላገኘም። ያልተያያዘ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ሰሞን ያለመልማል፤ ይህን የምነግርህ በቅጠሉ ተደስተህ ግንዱን እንዳትበድል ነው።

የቆመው አፕልህ አለማበቡ አያስደንግጥህ፣ ገና ሕፃን ነው። ማበብ ሲጀምር ግን ብቻውን ከሆነ ፍሬ ላይዝ ይችላል። አባትህ የተከሉት ኮክ የራሱ ብናኝ ይበቃዋል፣ አፕል ግን በአብዛኛው የሌላ ዓይነት አፕል ብናኝ ይፈልጋል። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታወቁት ብዙ ብርድ የማይጠይቁት አና እና ዶርሴት ጎልደን ናቸው፣ አበባቸው ስለሚገጥም አንዱ ለአንዱ ይሆናል። ያንተ አና ከሆነ የደረቀው ቦታ ላይ ዶርሴት ጎልደን ትከል። ንብ ደግሞ ከኩታበር አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከዚሁ ጠባያቸው የተነሣ ኮክን ከፍሬው ብታበቅለው እናቱን የሚመስል ኮክ ታገኛለህ። ወሎ ውስጥ ኮክ እንዲህ በየጓሮው የተስፋፋው ለዚህ ይመስለኛል፤ በልተን የጣልነው ይበቅላል። አፕልን ከፍሬው ብትዘራው ግን እናቱ አይደለም የሚወጣው፣ አባቱ ሌላ ስለሆነ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜም ትንሽና ጎምዛዛ ነው። አፕል የሚቀጠለው ለዚህ ነው፤ የሚቀጠለውም አፕል ላይ ነው።

ከወረኢሉ የመጣ ጥያቄ

«ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ኮሶ ከጽጌረዳ ዘር ነው ትለኛለች። እኔ ኮሶን የማውቀው እንደ መድኃኒት፣ ስጠጣውም ሲያንገፈግፈኝ ነው። ጽጌረዳ ከኮሶ ምን አገናኘው? ልጅቷ ተሳስታ ይሆን?»

እማማ፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም፣ ይመርቁልኝ። እንዲያውም ከሰማችው በላይ ነው። ኮሶ ለጽጌረዳ ከአፕል ይልቅ ይቀርባታል።

የጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ትልልቅ ጎራዎች አሉ። በአንዱ ጎራ እነ ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕልና ፒር ናቸው። በሌላው ጎራ ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ እንጆሪና ኮሶ አሉ። የኮሶ አበባ ጥቃቅን ሆኖ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ስለሚወርድ ከአበባው ዝምድናውን ለመለየት ዓይን ያስቸግራል። ቅጠሉ ግን ይናገራል። እባክዎ ልጅቷን አንድ የኮሶ ቅጠልና አንድ የቀጋ ቅጠል እንድታመጣ ይላኳት። ሁለቱም በአንድ ቀጭን ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች ናቸው። ሁለቱም ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። ከዚያ ዘንጉ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ሥሩን ትይ፤ ግራና ቀኙ ላይ እንደ ክንፍ የተጣበቀ ስስ ቅጠል አለው። የቀጋው ትንሽ ነው፣ የኮሶው ሰፋ ያለ። ያ ክንፍ የዘር ምልክታቸው ነው።

እርስዎ እንደሚያውቁት ኮሶ ሴትና ወንዱ የተለያየ ዛፍ ነው። ቀላ ያለ ዘለላ የሚያወጣው ሴቷ ናት፣ ለመድኃኒትም የሚፈለገው የእሷ ነው። በሳይንስ ስሙ ሀገኒያ አቢሲኒካ ይባላል። ሀገን በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረ የፕሩሲያ መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ ስሙ የተሰጠው ለእሱ ክብር ነው። አቢሲኒካ የኛ ነው። በወገኑ ውስጥ ሌላ ዝርያ የለም፣ ኮሶ ብቻውን ነው።

ልጅቷ ከወደደችው ጥቁር እንጨትንም ያሳዩልኝ። በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በደን ቅሪት ውስጥ ረጅም ሆኖ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ብሎ፣ የቅጠሉ እጀታ ቀላ ብሎ ይታያል። እሱ የኮክ ወገን ነው፤ የሩቅ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ያው ፕሩነስ የሚባለው ወገን ውስጥ ነው። የጥቁር እንጨት ቅጠል በአንድ እጅ፣ የኮክ ቅጠል በሌላው እጅ አድርጋ ጨፍልቃ ታሽት። ሁለቱም ያው መራር የአልመንድ ሽታ ይሸታሉ። ይህን ለብዙ ተማሪ አሳይቻለሁ፣ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር እወደዋለሁ።

ጥቁር እንጨት ያሳስበኛል፣ ይህንንም ሳልል አላልፍም። ቅርፊቱ ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሠራበት በዓለም ገበያ ይፈለጋል፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ያለ ልክ ተልጦ ስለተመናመነ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል፣ ምግቡ የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጥ ነውና። እኛ ጋ ደግሞ ለሳንቃና ለማገዶ እየተቆረጠ ነው። በሰፈራችሁ የቀረ ካለ እባካችሁ ፍሬው ሲወድቅ ለቅማችሁ ቶሎ፣ ሳይደርቅ አፍሉት፤ ከቆየ አይበቅልም።

(ለኩታበሩ ወንድማችን፤ ጥቁር እንጨት ላይስ ኮክ ብቀጥል እንዳትለኝ። አንድ ወገን ቢሆኑም በዚያው ወገን ውስጥ ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ነው፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።)

ከሐይቅ የመጣ ጥያቄ

«ልጆቻችን የኮክን ድንጋይ ሰብረው ውስጡን ይበላሉ። ይመራል ግን ይበሉታል። ችግር አለው?»

አለው። አስቁሟቸው። ያ መራራ ሽታ አሁን ከላይ ያልኩት የቤተሰቡ ሽታ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ባለው ፍሬ አሚግዳሊን የሚባል ነገር አለ፣ ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ይለቃል። የአፕል ፍሬም አለው፣ የፕሪምም የአፕሪኮትም አለው። አፕል ሲበላ አንድ ሁለት ፍሬ ሳይታኘክ ቢዋጥ ምንም አይደለም፤ የኮክን ፍሬ እየሰበሩ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ሰውነቱ ትንሽ ለሆነ ልጅ። በልቶ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየበት ሳትቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚበላው አልመንድ የማይጎዳው መራሩን ነገር እንዲተው የሚያደርግ የዘር ለውጥ ስለያዘና ሰው ያንን ጣፋጩን መርጦ ስላራባው ነው። የኮክን ቅርንጫፍ ስትገርዙም ቅጠሉን ለፍየል አትጣሉላት፣ ሲጠወልግ ሊጎዳት ይችላል።

ከኮምቦልቻ የመጣ ጥያቄ

«ደሴ ያሉ ዘመዶቻችን አፕል ያፈራላቸዋል፣ እኛ ጋ ቅጠል ብቻ ነው። ወሽመላ ግን አለን፣ ያፈራል። ወሽመላ የኮክ ዘመድ ነው አይደል? ውስጡ ትልልቅ ፍሬ አለው።»

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፣ አይፈረድበትም። ወሽመላ ግን የአፕል ዘመድ ነው። ግርጌውን ገልብጡና እዩት፤ እንደ አፕሉ የደረቀ ኮከብ አለው፣ የአበባዋ ስኒ ምልክት። ውስጡ ያሉት ቡናማ ፍሬዎችም ለስላሳና አንጸባራቂ ናቸው፣ እንደ ኮክ ድንጋይ የለበሱ አይደሉም፣ አንድ ሆነው ይመጣሉ፣ ሦስት አራትም ይሆናሉ። ኮክ ሁልጊዜ አንድ ድንጋይ ነው።

ዘመድ ሁሉ ግን ጠባዩ አንድ አይደለም። አፕል ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ካልተኛ በደንብ አያብብም። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሹራብ የምታወልቁት በከንቱ አይደለም። ዛፉም ያንኑ ልዩነት ይሰማዋል። ወሽመላ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ያንን የብርድ እንቅልፍ አይፈልግም። እኔ ብሆን ኮምቦልቻ ላይ ወሽመላውን አበዛለሁ።

ከደሴ፣ አጭር ጥያቄ

«እንጆሪ ስንል የትኛውን ነው? ዘይቱናስ ከእነዚህ ውስጥ ይገባል?»

እንጆሪ የምንላቸው ሦስት ናቸው። እሾሃሙ የጫካ እንጆሪ የጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ አንዱን ቀጥፈህ ብታየው ብዙ ትንንሽ ኳሶች ናቸው፣ እያንዳንዷ ኳስ በራሷ ቆዳ፣ ሥጋና ጥቃቅን ድንጋይ ያላት እንደ ሚጢጢ ኮክ ናት። ከተማ በጁስ ቤት የምናገኘው ቀዩ፣ ስትሮቤሪ የሚባለው፣ እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ግን የሚበላው ያበጠው የአበባው መቀመጫ ነው፣ እውነተኛ ፍሬዎቹ ላዩ ላይ የተሰኩት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ሦስተኛው የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ትልቁ ዛፍ ነው። እሱ በስም ብቻ እንጆሪ ሆነ እንጂ ዘመዶቹ ሾላና ዋርካ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከጌሾና ከቁርቁራ ጋር ሆነው ለጽጌረዳ ቤተሰብ የሩቅ ጎረቤት ናቸው።

ዘይቱና ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። የእሱ ዘመዶች ባሕር ዛፍና ዶቅማ ናቸው። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥተህ እየው፣ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። የዘይት ከረጢቶች ናቸው፣ ባሕር ዛፍም እንደዚያው ነው።